ከኪራዩ አስቀድሞ ደብዳቤው ይድረስ

ምግብ፤ ልብስና ቤት ለሰው ልጅ ኑሮ የማይታጡ ሦስት ነገሮች መሆናቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ቤት ከሁለቱ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። እንጀራ የበላተኛው ብቻ ነው፤ ልብስም የለባሹ ብቻ ነው፤ ቤት ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ሰዎች መካከል ይገኛል። አንዱ ካርታውን በስሙ የያዘው ባለቤት ነው፤ ሁለተኛው በጣራው ሥር የሚያድረው ተከራይ ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡን፤ ሁለተኛው ኑሮውን በዚያ ቤት ላይ አኑሯል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መግባባት የጸና እንደ ሆነ ቤቱ ይከበራል፤ የላላ እንደ ሆነ ግን አንዱ በገንዘቡ፤ ሌላው በኑሮው ይጐዳል።

ይህ መግባባት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው ቤቱ በሽያጭ፤ በስጦታ ወይም በውርስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ ነው። አዲሱ ባለቤት በዚያው በከተማው የሚኖር ሰው እንደ ሆነ ነገሩ እምብዛም አያስቸግርም። አንድ ቀን ጧት መጥቶ በሩን ያንኳኳል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ ቡና ይጠጣል፤ ተከራዩም የሰውየውን ፊት አይቶና አነጋገሩን መዝኖ ልቡን ያሳርፋል፤ ወይም ለሚመጣው ነገር ይዘጋጃል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው ለማዕድ ብቻ አይደለም። አዲሱ ባለቤት በሩቅ አገር የሚኖር እንደ ሆነ ግን ተከራዩ ሊያየው የሚችል ፊት የለም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው። ያም ቃል የቀረ፤ ወይም የዘገየ፤ ወይም በሌላ ሰው አፍ ተለውጦ የደረሰ እንደ ሆነ ከዚያ የሚከተለው ጕዳት ቀላል አይሆንም።

በዛሬው ዘመን እንዲህ ያለው ነገር በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የተለመደ ሆኗል። ኑሯቸውን በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፤ በአውሮጳ ከተሞች ወይም በዐረብ አገሮች ያደረጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን በድካማቸው ካገኙት ገንዘብ በአገራቸው ቤት ይገዛሉ፤ ከወላጆቻቸውም ይወርሳሉ። የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ልዩ ልዩ መብት ስለ ተፈቀደላቸው፤ በትውልድ አገራቸው የቤት ባለቤቶች ለመሆን ችለዋል። በአገር ውስጥም ቢሆን በሥራ ምክንያት ወደ ሩቅ ክፍል ተዛውሮ ቤቱን በዘመድ የሚያስጠብቅ ሰው ጥቂት አይደለም። ሰው ከአገሩ ርቆ ሳለ በአገሩ ቤት ማቆሙ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ጥያቄው ግን ቤቱን ሲገዛ በውስጡ ሰው መኖሩን አስቦበታል ወይስ አላሰበበትም የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል በጡረታ የተገለሉ አንዲት መምህርት በአንድ ግቢ ውስጥ አሥር ዓመት በኪራይ ኖረዋል ተብሎ ይታሰብ። ዕድራቸው በዚያው ሰፈር ነው፤ የማኅበራቸው ጽዋ በዚያው ይዞራል፤ የንስሐ አባታቸው በቅርቡ ደብር ያገለግላሉ፤ የልጅ ልጃቸው በእግር በሚደረስበት ትምህርት ቤት ይማራል። አንድ ቀን ሁለት ደላሎች ከማይታወቅ ሰው ጋራ መጥተው ግቢውን በእርምጃ ይለካሉ፤ ግድግዳውን ይመለከታሉ፤ ለሴትዮዋም አንዳች ቃል ሳይናገሩ ይሄዳሉ። በሳምንቱ አንዱ ጎረቤት ቤቱ ተሸጧል ይላቸዋል፤ ሁለተኛው ሊፈርስ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ኪራዩ እጥፍ ሊሆን ነው ይላል። ወሩ ሲያልቅ አንድ ወጣት መጥቶ ከእንግዲህ ወዲህ ኪራዩ የሚከፈለው ለእርሱ መሆኑን ይነግራቸዋል።

ይህ ወጣት የአዲሱ ባለቤት የአክስት ልጅ ይሆናል፤ ወይም አታላይ ይሆናል፤ ሴትዮዋ ይህን የሚለዩበት ምልክት የላቸውም። ቢከፍሉት ያንኑ ኪራይ ሁለተኛ ጊዜ የመጠየቅ አደጋ አለባቸው፤ ባይከፍሉት ውል አፍራሽ ይባላሉ። በባሕር ማዶ ያለው ባለቤት ደግሞ ከዘመዱ የሚሰማው ሴትዮዋ አስቸጋሪ ናቸው፤ ኪራይም አልከፍልም ብለዋል የሚል ወሬ ነው። እንዲህ ሆኖ፤ ክፉ ነገር ያላሰቡ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ይቀያየማሉ። ቅያሜው የመጣው ከክፋት አይደለም፤ ከዝምታ ነው። ባለቤቱ ዝም ባለበት ስፍራ ደላላው ተናገረ፤ ጎረቤቱ ተናገረ፤ ፍርሃትም ተናገረ።

በኢትዮጵያ የሩቅ ባለቤትና የቅርብ ነዋሪ ነገር አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ብዙ ባለ ርስቶችና ባለ ጕልቶች በአዲስ አበባ እየኖሩ መሬታቸውን በሩቅ ጠቅላይ ግዛት ያሳርሱ ነበር። በዚያም ስፍራ ስለ እነርሱ ሆኖ የሚያዝና ግብሩን የሚቀበል ሰው ያኖሩ ነበር፤ ይህም ሰው ምስለኔ ይባል ነበር። ቃሉ «እኔን የሚመስል፤ በእኔ ፈንታ የቆመ» ማለት ነው፤ በኋላም የምክትል ወረዳ ገዥ መጠሪያ ሆኗል። በዚህ ስም ውስጥ ትልቅ ምክር ይገኛል። ገባሩ ጌታውን አያይም፤ የሚያየው የጌታውን ምስል ነው። ምስለኔው ርኅሩኅ እንደ ሆነ ጌታው ርኅሩኅ ይባላል፤ ምስለኔው ቀማኛ እንደ ሆነ ግን ጌታው በአዲስ አበባ ምንም ያህል ደግና መጽዋች ሰው ቢሆን ለገባሩ ቀማኛ ነው።

የእኩል አራሽና የሲሶ አራሽ ብሶት ሲከማች ኖሮ በ1957 ዓ.ም. በወርኃ የካቲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። ከ10 ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት መሆኑ ታወጀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ በግል ቤት ማከራየትም ቀረ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ለቀበሌ፤ ከዚያ በላይ የሚከራየው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር እንዲገባ ተደረገ። ለዚህ ታላቅ ለውጥ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ነገር ማሳበብ አይገባም። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ፤ ባለ መሬቱ ለአራሹ የሚታወቀው በሚወስድበት እህል ብቻ ስለ ነበር፤ በመከራ ቀን የሚያዝንለት አለመገኘቱ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ቤት ኪራይ በከተሞች ሁሉ ሲስፋፋ፤ ይህ የቀድሞው ዘመን ትምህርት አብሮ መታሰብ ይገባው ነበር።

በሌላውም ዓለም የታየው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በአየርላንድ ደሴት ማዮ በሚባለው አውራጃ ሎርድ ኤርን የተባሉ መኰንን ሰፊ መሬት ነበራቸው። መኰንኑ የሚኖሩት ከዚያ ርቆ በሚገኘው በፈርማና አውራጃ ባለው ግንባቸው ውስጥ ስለ ነበረ፤ መሬቱን የሚያስተዳድርላቸው ቻርልስ ቦይኮት የሚባል ወኪል አቁመው ነበር። በ1873 ዓ.ም. መጀመሪያ፤ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1880፤ አዝመራው በከፋበት ጊዜ ተከራዮቹ ከኪራዩ ከመቶ 25 እጅ እንዲቀነስላቸው ለመኑ፤ ከባለ መሬቱ የተፈቀደው ግን ከመቶ 10 እጅ ብቻ ሆነ። ከዚህም በኋላ ወኪሉ የማስለቀቂያ ወረቀት ወደ ተከራዮቹ ላከ።

በዚህ ጊዜ የአገሩ ሰው ወኪሉን አልደበደበም፤ ነገር ግን በአንድ ቃል ተለየው። ሠራተኞቹ ጥለውት ሄዱ፤ ባለ ሱቆች አንሸጥልህም አሉት፤ ሰላምታም ተነፈገው። አዝመራው ሜዳ ላይ ሊቀር ስለ ሆነ 50 በጎ ፈቃደኞች ከሌላ አውራጃ መጥተው ሰበሰቡለት፤ እነርሱንም የሚጠብቅ ብዙ ወታደር ተላከ። 500 ፓውንድ ያህል የሚገመተውን አዝመራ ለመሰብሰብ የወጣው ወጪ ወደ 10 ሺህ ፓውንድ እንደ ደረሰ ይነገራል። ወኪሉም በዚያው ዓመት አገሩን ለቆ ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬ ጋዜጦች «ቦይኮት» እያሉ የሚጽፉት ቃል የዚህ ሰው ስም ነው። ባለ መሬቱ ራሳቸው ወደ ተከራዮቻቸው መጥተው ችግራቸውን በጆሯቸው ሰምተው ቢሆን ኖሮ፤ ምናልባት ያ ሁሉ ባልደረሰም ነበር።

እንግዲህ በሩቅ ያለ አዲስ ባለቤት ምን ማድረግ ይገባዋል? የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ከኪራይ ጠያቂው አስቀድሞ የባለቤቱ ደብዳቤ ይድረስ። ደብዳቤው የገንዘብ መጠየቂያ አይሁን፤ መተዋወቂያ ይሁን። በውስጡም ቤቱ በማን ስም እንደ ተዛወረና ከምን ቀን ጀምሮ እንደ ሆነ፤ ኪራዩ እስከ መቼ ለቀድሞው ባለቤት፤ ከመቼ ጀምሮ ለአዲሱ እንደሚከፈል፤ የሚከፈልበት የባንክ ሒሳብ ቁጥር፤ ቤቱ ሲበላሽ የሚነገረው ሰው ማን እንደ ሆነ በግልጥ ይጻፍ። ከሁሉም በፊት ግን የማይለወጠው ነገር ይነገር። ተከራይ የባለቤት መለወጥን ሲሰማ ልቡ የሚጠይቀው ምን ተለወጠ ብሎ ሳይሆን ምን ቀረልኝ ብሎ ነው። የተያዘው የኪራይ ውል እንደሚከበር በመጀመሪያው አንቀጽ የተነገረው ሰው የቀረውን በጸጥታ ያነባል።

ይህ ደብዳቤ የሚታመነው ብቻውን ሲመጣ አይደለም። የቀድሞው ባለቤት አብሮ ቢፈርምበት፤ ወይም ራሱ ለተከራዩ ቤቱን ለእገሌ አስተላልፌአለሁ ብሎ በጽሑፍ ቢያስታውቅ፤ ተከራዩ ከአታላይ ይድናል፤ አዲሱ ባለቤትም ከጥርጣሬ ይድናል። ስሙ የተዛወረበትም ማስረጃ ግልባጭ ተያይዞ ቢላክ መልካም ነው። ስለዚህ ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ከመጨረሱ በፊት ይህን ከሻጩ ጋራ ሊስማማበት ይገባል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ የሄደን ሻጭ መልሶ ለማግኘት ብዙ ድካም አለበትና። ተከራዩ ለቀድሞው ባለቤት አስቀድሞ የከፈለው የኪራይ ገንዘብ እንዳለም በዚያው ጊዜ ይጠየቅ፤ ገዢው ሒሳቡን ከሻጩ ጋራ ይጨርስ እንጂ፤ ተከራዩን ሁለተኛ ክፈል አይበለው።

ደብዳቤው ምን እንደሚመስል ለማሳየት ያህል፤ የሚከተለው አብነት ይበቃል፦

«ለተከበሩ ለወይዘሮ እገሊት። ጤና ይስጥልኝ። ከአቶ እገሌ ቤቱን የገዛሁት እኔ ነኝ። በቤቱ አሥር ዓመት በክብር መኖርዎንና ቤቱንም እንደ ራስዎ አድርገው መያዝዎን ከአቶ እገሌ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የተዋዋሉት ውል እንደ ተጻፈው ይኖራል። ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ኪራዩ ከዚህ በታች በተጻፈው የባንክ ሒሳብ እንዲገባ እለምናለሁ፤ ከዚህ ሒሳብ በቀር በእኔ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አይክፈሉት፤ ለእኔም ይንገሩኝ። ቤቱ እድሳት የሚያሻው ስፍራ ቢኖር እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና ጽፈው ወይም አስጽፈው እንዲልኩልኝ እለምናለሁ። በሚመጣው ዓመት ስለ ቤቱ የማስበው አዲስ ነገር ቢኖር ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ይሰሙታል። አክባሪዎ።»

ይህ ደብዳቤ አጭር ነው፤ የሚሠራው ግን ብዙ ነው። ተከራይዋን በስማቸውና በማዕረጋቸው ጠርቷቸዋል፤ ስለ ቈዩበት ዘመን አመስግኗቸዋል፤ የአታላይን በር ዘግቷል፤ ስለ ቤቱም እንደ አዋቂ ጠይቋቸዋል። በተለይ የአጠራር ነገር በቸልታ መታለፍ የለበትም። በባሕር ማዶ ያደገ ልጅ የአባቱን ቤት ወርሶ፤ እናቱን ለሚሆኑ ተከራይ በስልክ «ኪራዩን አስገቢ» ብሎ ቢልክ፤ በልቡ ንቀት ሳይኖር ንቀትን ይልካል። በሩቅ የተጻፈ ቃል ድምፅና ፈገግታ አብረውት ስለማይሄዱ፤ ሲደርስ ከተነገረው ይልቅ የከረረ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ በአፍ ከሚነገረው ይልቅ በጽሑፍ የሚላከው በእርስዎታ የለሰለሰ ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር የቀንና የሰዓት መግባባት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ቅያሜ ከዚህ ይመጣል። ባለቤቱ ኪራዩን በኦክቶበር 5 ሲጠብቅ፤ ተከራዩ «በአምስተኛው ቀን» የተባለውን በጥቅምት 5 ሊከፍል ያስባል። ጥቅምት 5 ግን በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 15 ነው። አንዱ 10 ቀን ዘገየብኝ ሲል ሌላው በቀኑ ከፈልሁ ይላል፤ ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም። እንዲሁም ጳጉሜን 5 ቀን፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም 6 ቀን ስለ ሆነች፤ እነዚህ ቀኖች ለብቻቸው ይታሰቡ ወይም አይታሰቡ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነገር። ቤቱ የሚገኘው በኢትዮጵያ ስለ ሆነ የኪራዩ ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ቢጻፍ፤ ለባለቤቱም የአውሮጳው ቀን በጎኑ ቢታከልለት ክርክር አይነሣም።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። የዋሽንግተን ሰዓት ከአዲስ አበባው እንደ ወራቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ባለቤቱ ከሥራው ወጥቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሲደውል፤ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት የተደወለ ስልክ ለሰሚው መርዶ እንጂ የኪራይ ነገር አይመስለውም። ስለዚህ በሳምንት ወይም በወር አንድ የታወቀ ቀንና ሰዓት መወሰን፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ግን በጽሑፍ ማድረግ ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር የወኪል አመራረጥ ነው። በሩቅ ያለ ሰው ያለ ወኪል ቤት ሊያስተዳድር አይችልም፤ ነገር ግን ወኪሉ አንድ ይሁን፤ ሥልጣኑም በጽሑፍ ይታወቅ። ዛሬ የአክስት ልጅ፤ ነገ ደላላው፤ ከነገ ወዲያ የልጅነት ጓደኛው እየመጡ የሚያዙበት ቤት አዛዥ የሌለው ቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የተቀበለ ሰው የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ከዚህም ውስጥ ገንዘብ መሰብሰብና ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት ይገኛሉ። ቤት ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ባለቤቱ በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ የውክልናውን ወረቀት ሲያዘጋጅ፤ ወኪሉ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ያስጽፍ፤ ተከራዩም ግልባጩን ይይ።

በወንጌል የተጻፈውን የዚያን ባለጠጋ መጋቢ ታሪክ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። መጋቢው ከሹመቱ እንደሚሻር ባወቀ ጊዜ ባለ ዕዳዎቹን እየጠራ የመቶውን ዕዳ አምሳ፤ የሌላውንም ሰማንያ አድርገው እንዲጽፉ አዘዛቸው። የምሳሌው ምሥጢር ሌላ ነው፤ ሥዕሉ ግን የተወሰደው ጌታው ሒሳቡን በመጋቢው እጅ ብቻ ከሚያውቅበት ቤት ነው። እንደዚያ ባለ ቤት ዕዳ መቀነስ ብቻ ሳይሆን መጨመርም ይቻላል፤ ተከራዩ 10 ሺህ ከፍሎ ለባለቤቱ 8 ሺህ ሊነገረው ይችላል። ኪራዩ በባንክ ሲገባና ተከራዩ ባለቤቱን በቀጥታ የሚያገኝበት መንገድ ሲኖረው ግን፤ ወኪሉ ራሱ ከፈተናም ከሐሜትም ይጠበቃል። ለወኪሉም ባለቤቱን ሳይጠይቅ ለአስቸኳይ እድሳት የሚያወጣው መጠን ይወሰንለት። በሐምሌ ዝናም ቆርቆሮው ሲያፈስ ከባሕር ማዶ ፈቃድ እስኪመጣ የሚጠበቅ እንደ ሆነ፤ በጥቂት ብር የሚደፈነው ቀዳዳ ኮርኒሱንም ግድግዳውንም ይዞ ይወርዳል።

አራተኛው ነገር ሕግን ማወቅ ነው። ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዘመን የሆነው ሰው የሚያስታውሰው በወጣበት ጊዜ የነበረውን ልማድ ነው፤ ልማዱ ግን ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉም ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፤ አስቀድሞ የሚከፈለው ኪራይ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፤ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደረግና ተቈጣጣሪው አካል ከሚወስነው መጠን እንዳያልፍ ይወስናል። ስለዚህ ቤቱን ገዛሁ፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራዩ እጥፍ ነው የሚል መልእክት ከጨዋነት ጋራ ብቻ ሳይሆን ከሕግም ጋራ ይጣላል። አዲሱ ባለቤት ከመናገሩ በፊት የቈየውን ውል አስመጥቶ ያንብብ፤ መመዝገቡንም ከወረዳው ይጠይቅ።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ነገር እውነቱን በጊዜው መናገር ነው። ባለቤቱ ቤቱን የገዛው ጡረታ ሲወጣ ሊኖርበት፤ ወይም አፍርሶ ሊሠራው፤ ወይም ልጁን ሊያስገባበት ይሆናል። ይህ መብቱ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ይህን አሳብ በልቡ ሰውሮ ተከራዩን በማባበል ማቈየትና በመጨረሻው ሰዓት ውጣ ማለት ትልቅ በደል ነው። አንድ ቤተ ሰብ ሰፈር ሲለውጥ የሚያጣው ክፍሎቹን ብቻ አይደለም፤ ዘመኑን ሁሉ ሲያዋጣ የኖረበትን ዕድር፤ በሕመሙ ቀን የሚደርስለትን ጎረቤት፤ የልጁንም ትምህርት ቤት ያጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህ ነው። ለባለቤቱ የአንድ ዓመት አሳብ የሆነው ለተከራዩ የአንድ ዓመት መዘጋጃ ጊዜ ሊሆነው ይገባል። ክፉ ዜና አስቀድሞ በደግ ቃል ሲነገር ያሳዝናል እንጂ አያስቀይምም።

ይህ ሁሉ በባለቤቱ ላይ ብቻ የተጣለ ሸክም አይደለም፤ ተከራዩም ድርሻ አለው። ባለቤቱ ሩቅ ነው ብሎ ኪራይ ማዘግየት፤ ቤቱን ሳያስፈቅድ ለሌላ ማከራየት፤ የፈረሰውን ደብቆ ማቈየት አደራ መብላት ነው። የተቀበለውን ደብዳቤና የከፈለበትን ደረሰኝ ይጠብቅ፤ ለተጻፈለትም መልስ ይስጥ፤ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይጽፍምና። ወሬ ሲነገረው መላ ይጨምርበት፤ ወደ ደላላው ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ይጠይቅ።

በዚህ ነገር የመንግሥት ሹማምንትና የቤተ ክርስቲያን አባቶች የሚረዱት ብዙ ነው። ውል የሚመዘግበው የወረዳ ሠራተኛ ባለቤትነት የተዛወረበት ቤት ሲቀርብለት፤ በቤቱ የሚኖረው ሰው ተነግሮታልን ብሎ ቢጠይቅ፤ ኋላ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው ክርክር በዚያው በጠረጴዛው ላይ ሊቀር ይችላል። ካህናትም በሁለቱ ወገን ይገኛሉ፤ በባሕር ማዶ ባለው አጥቢያ ባለቤቱን የሚያናዝዝ አባት አለ፤ በአዲስ አበባው ደብር ተከራዩን የሚያናዝዝ አባት አለ። ልጆቻቸው በማይተያዩበት ነገር አባቶች አስታራቂ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከመጣላታቸውም በፊት ይህን ደብዳቤ ጽፈሃልን ብሎ የሚጠይቅ ምክር ከሽምግልና ይበልጣል።

ምስለኔ የሚለው ስም ከሹመት መዝገብ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ሥራው ግን አልቀረም። በባሕር ማዶ ለሚኖር ባለቤት ወኪሉ ምስሉ ነው፤ ደብዳቤው ምስሉ ነው፤ በስልክ የሚልካት ሁለት መስመር ቃልም ምስሉ ናት። ተከራዩ ባለቤቱን በሌላ አያውቀውም። ስለዚህ ቤት የገዛ ሰው ቍልፉን ከመቀበሉ በፊት ብዕሩን ያንሣ፤ በዚያ ጣራ ሥር ለሚያድረው ሰው፤ ይህ ቤት ባለቤት አለው፤ አንተም በውስጡ እንዳለህ ያውቃል ብሎ ይጻፍ።